የመጨረሻው መስመር

«አንተ ነህ የገደልከው! ጠዋት በሰው ፊት ‹ዛሬ እቀብርሃለሁ› አላልከውም?» ንሶፍዋ የዚምባን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል።

«እኔ ከንጎኒ ጎሳ፣ እሱ ከቤምባ፤ ጎሳዎቻችን በስድብ ነው የሚቀላለዱት! ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ሰላም የምንባባለው። እሱስ ‹አንተ አይጥ በሊታ› ብሎኝ የለም?»

«ቀልዱን መሸፈኛ አደረግከው!»

ኢንስፔክተር ሙቲንታ መሐላቸው ገባች። የኪትዌ ከተማ መዳብ ጉድጓድ ከቀትር በፊት በድማሚት ሲናድ የፈረቃው አለቃ ካፔምብዋ ከውስጥ ነበር። አስከሬኑ በጎን ክፍል ተጋድሟል። ያፈነዳው፣ ሥራው ይኸው የሆነው ዚምባ ነው፤ አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቶ ይጠብቃል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ንሶፍዋ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ነው።

«ባ ዚምባ» አለች በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ፣ «ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። አለቃው በመውጫ ዝርዝሩ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ይይዛል፤ ከሁሉም በኋላ ይወጣል። መዝገብ ክፍል ደወልኩና ‹የመጨረሻው መስመር?› አልኩ። ‹ወጥቷል› ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

ዚምባ አቀረቀረ። «ባ ንሶፍዋ።»

«ዝርዝሩ የታለ?»

«ወረቀቱ… ጠፋ» አለ ንሶፍዋ። የቅድሙ ድምፁ አልነበረም።

ሙቲንታ ከኮምፒዩተሩ እንደገና አሳተመችና ማዕድን ቆፋሪዎቹን ሁሉ ሰብስባ አነበበችላቸው። «1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 2፣ 3… መጨረሻው 9። 9 ቁጥር ቀድሞ ወጥቷል። ካፔምብዋ 12 ነው፤ መሐል ገብቶ ‹አልወጣም› ይላል።»

«12 እንዴት ከ2 በላይ ይሆናል?» አለ አንዱ።

«ማሽኑ አይቆጥርም። እንደ ቃል ከፊት ያለውን ምልክት አይቶ ነው የሚደረድረው። የትናንቱ ዝርዝር ያው ግድግዳው ላይ ነው፤ 01፣ 02 ይላል። ያ ዜሮ ነበር 12ን ከታች የሚያስቀምጠው። ዛሬ ግን የለም። ማን አነሣው?»

ንሶፍዋ እጁን ኪሱ ከትቶ አራት ቦታ የታጠፈውን የጠፋ ወረቀት አወጣ።

«ዛሬ ጠዋት፤ እኔ ነኝ» አለ። «ባዶ ዜሮ ምን ይሠራል ብዬ። ስልኩ ሲደወል ቁጥሩን አላየሁም፤ ‹ወጥቷል› የሚለውን ብቻ አየሁ።»

«መቼ ገባዎት?»

«ፍንዳታውን እንደሰማሁ ወረቀቱን አየሁ።» መሬት መሬት አየ። «ከዚያ ነው መጮኽ የጀመርኩት።»

ፖሊሱ ካቴናውን መልሶ ከወገቡ አንጠለጠለ።

ዚምባ ወደ ጎን ክፍሉ ገባ። ወጉ ነውና ንጎኒ ቤምባውን ሳይሰድብ አይሸኝም። «ተነሣ እንጂ፣ ጦጣ በሊታ! ሥራ ስትጠላ…» አለና አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከ። ሰዎቹ እየሳቁም እያለቀሱም በሩ ላይ ተሰበሰቡ።

ንሶፍዋ ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ ሳያነሣ በጓሮ በር ወጣ።