ማሽኑን ማን አዘዘው?

ማንም ሳይነካው ማሽኑ ነቃ። አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ አለ፤ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንጓጓ፤ ከዚያም አንድ ወረቀት ተፋ።

የአሥራ አራት ዓመቷ ቀጮ ከወንበሯ ብድግ አለች። በአክስቷ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታለች፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል።

ይህ ግዙፍ ማሽን ለዓመታት ፎቶ ኮፒና ስካን ብቻ ሲሠራ የኖረ ነው። ባለፈው ወር ቀጮ ከዋይፋዩ ጋር አገናኝታ ፕሪንተርም አደረገችው። አክስቷ «የኔ ኢንጂነር!» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ደስታው ግን አልቆየም፤ ቀለሙ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ።

«ቀለም እንደ ውሃ አይተንም!» አለች አክስቷ ዛሬ ጠዋት ጸሐፊዋ ላይ አፍጥጣ። «እኔ ዞር ስል የራስሽን ጉዳይ ነው የምታትሚው።»

«እትዬ፣ ልጄ ትሙት፣ አንዲት ገጽ አላተምኩም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ቀጮም ብትሆን ጸሐፊዋን ጠርጥራት ነበር። ዝምተኛነቷ ራሱ ያስጠረጥራል።

አሁን ወረቀቱን አነሳችው። የልብ ሥዕል ነው፤ ቀይና ሰማያዊ የደም ሥሮች ያሉት። ይህንኑ ሥዕል ትናንት ጓደኛዋ ሳቂታ በስልኳ አሳይታታለች። «ለባዮሎጂ የቤት ሥራዬ ነው፤ ወንድሜ ፕሪንተር ገዝቷል፤ ቤት አትመዋለሁ» ብላ ነበር።

የነሳቂታ ቤት ከላይ ፎቁ ላይ ነው። ፊልም ልይበት ብላ ስትለማመጣት የዋይፋዩን ፓስዎርድ በጆሮዋ ሹክ ያለቻት ቀጮ ራሷ ናት። ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ስልክ ደግሞ ከፎቅ ሆኖም ማሽኑን ማዘዝ ይችላል። ለካ ሳቂታ ሰሞኑን በመጣች ቁጥር ማሽኑ ጎን ተለጥፋ የምትቆመው ለዚህ ነው!

ሳቂታ እያለከለከች ገባች። ከሰላምታ በፊት ዐይኗ ማሽኑ ላይ አረፈ።

«ይሄን ነው የምትፈልጊው?» አለች ቀጮ ወረቀቱን ይዛ።

የሳቂታ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አታካብጂ በናትሽ። ሰው ሁሉ በቀለም አትሞ ሲያመጣ እኔ ብቻ በእጄ ልሳል?»

«የወንድምሽ ፕሪንተርስ?»

«የለውም።» ሳቂታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፓስዎርዱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ከተነገረ አንቺም አትተርፊም። ዝም እንበል፤ ይረሱታል።»

ቀጮ ሳትመልስላት ጸሐፊዋ ገባች። ከመሳቢያዋ ሹራቧን፣ ማበጠሪያዋንና ኩባያዋን እያወጣች ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመረች። ዐይኗ ቀልቷል። ቢሆንም እንደ ወትሮው ቀና ብላ፣ «ልጆች፣ ምሳ በላችሁ?» አለቻቸው።

ቀጮ ፌስታሉን አየች፤ ከዚያም በእጇ የያዘችውን ወረቀት።

አክስቷ ከውጭ ገባችና፣ «አልጨረሽም እንዴ?» አለች ጸሐፊዋን።

ሳቂታ የቀጮን እጅጌ ጎተተች። ቀጮ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አክስቴ፣ እስኪ አንዴ ቁጭ በይ» አለች። «ፓስዎርዱን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ወደ ጸሐፊዋም ዞረች። «እህቴ፣ አንቺም አትሂጂ። አንቺም ስሚኝ።»

ሳቂታ ወደ በሩ አየች፤ ግን አልወጣችም።