መቼ ጠፋ?

«መቼ ጠፋ?» አለች መርማሪዋ፣ እግሯ ጀልባዋን ከመርገጡ።

«ኧረ አልጠፋም!» ወጣቱ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ወደብ እስክንገባ አንዴም አልጠፋም።»

«ወንድምህን ነው የምልህ።»

«ይቅርታ፣ ሞተሩን መስሎኝ። ጋሽዬማ መቼ እንደወደቀ አላየሁም።»

ጋሽዬ የሚለው ታላቅ ወንድሙን፣ የጀልባዋን ባለቤት ነው። ሬሳውን ዓሣ አጥማጆች ማለዳ አግኝተው አምጥተውታል። ትናንት ከሰዓት ጀልባዋ ላይ የነበሩት ሟቹ፣ ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው። ጀልባዋ ባለሸራ ብትሆንም ነፋስ ስላልነበረ የምትጓዘው በናፍጣ ሞተሯ ነበር።

የወደቡ ፖሊስ ጥፋተኛዋን ያገኘ መስሎታል። ሚስትየዋ ታችኛው ክፍል ተኝታ እንደነበር ስትናገር «ሲጠፋ ነው የነቃሁት» ብላለች። ባሏ ሲጠፋ ነቅታ ዝም ካለች ሌላ ምን ይፈለጋል? ወደ እስር ቤት የሚወስዳት መኪና የወደቡ በር ላይ ቆሟል።

መርማሪዋ መኪናውን አስቆየችውና መካኒኩን ጠራች። በጀልባዋ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን የመደገፊያ ገመድ በቅርቡ ያጠበቀው እሱ ነው። «ላልቶ ከሆነ እኔን እሰሩኝ» አለ፣ ሳይጠየቅ። ገመዱን ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ትናንት ለምን ነበር የወጡት?»

«ምቹ ፍጥነት ሊመርጡ ነዋ። ሞተሩ ሲዘገይ ጀልባዋን ያንቀጠቅጣታል፣ ኩባያው ሁሉ ይንጫጫል። ሲፈጥን ይጮኻል፣ ናፍጣውንም ይጠጣዋል። መሀል ላይ ግን አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያ ሲደርስ እሹሩሩ ይላል። ጋሼ እሷን ፍለጋ ጆሮዬን በልተውት ነበር። ከባለቤታቸው ጋር በጀልባዋ ሩቅ ሊሄዱ አስበው ነው። ታናሽየው ደግሞ ጀልባዋ ለኔ ትቀራለች እያለ ጓደኞቹን ሲጋብዝ ከረመ!» ሳቅ አለና ሬሳው ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ።

መርማሪዋ ፍጥነት መቆጣጠሪያው እጀታ ላይ አጎነበሰች። ከጎኑ ቀይ ምልክት አለ። ከምልክቱ የተሳበ ቀጭን ቀይ መስመር እስከ ታች ወርዷል።

«የኔ የጥፍር ቀለም ነው» አለች ከፖሊሱ ጎን የቆመችው ሚስትየዋ፣ ዓይኗ አብጦ። «‹አገኘኋት!› ብሎ እየጮኸ መጥቶ ወሰደብኝ። ቀብቶ ሲመልስልኝ ‹አሁን ተኚ› አለኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ከተቀባ በኋላ እጀታውን ማን ነካው?» መርማሪዋ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«ማንም። ‹የነካት ወዮለት› ብሎ እየሳቀ ወደ ፊት ሄደ። ብዙ ቆይቶ እንኳ ውሃ አቀብለኝ ብሎኛል። እኔ ዝቅ ያደረግኩት ወደብ ስንገባ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም እጀታው ዙሪያ ሰብስባ ሞተሩን አስነሣች፤ ቀዩ ምልክት ላይም አቆመችው።

«ትሰሙኛላችሁ?» አለች በሹክሹክታ። ሁሉም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ ድምፅ የተኛ ሰው የሚነቃው ድምፁ ሲቋረጥ ነው። እህቴ፣ ‹ሲጠፋ› ያልሽው ምኑን ነው?»

«ሞተሩን ነዋ! ምን ሆነ ብዬ ልወጣ ስል መልሶ ተነሣ፤ እኔም ተኛሁ።»

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ ዞረች።

«እጀታው እስከ ታች ሲወርድስ?»

«ሞተሩ ይጠፋል» አለ መካኒኩ።

«የጥፍር ቀለም ቶሎ ይደርቃል። እጀታው ቀለሙን ወደ ታች የሳበው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ወደብ ስትገቡማ ደርቋል። ወንድምህ ራሱ አጥፍቶት ቢሆን ትነግረኝ ነበር። አንተ ግን ስለ ወንድምህ ስጠይቅህ ሞተሩ አልጠፋም ብለህ ተከራከርከኝ። እንደቀባ ተጣላችሁ፤ እጀታውን ቁልቁል ሳብከው። ሊመልሰው ሲመጣ ገፋኸው። ከታች እሷ ስትንቀሳቀስ ሰማህና ገመድ በመወርወር ፈንታ ሞተሩን አስነሥተህ ምልክቱ ላይ መለስከው። እንድትተኛልህ።»



«ዋና ይችላል ብዬ ነው» አለ ወጣቱ፣ ዓይኑን ቀዩ መስመር ላይ ተክሎ። «ጀልባዋን ለኔ ቃል ገብቶልኝ ነበር።»

«አጥፉልኝ» አለች ሚስትየዋ።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋው። ፖሊሱም ወጣቱን ይዞ ወረደ፣ ቆሞ ሲጠብቅ በነበረው መኪና ወሰደው።