አፉ የተሰፋ ኪስ

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። እግሩ ከፔዳሉ አልወረደም፤ ከመርፌው ስር ለሴት ልጁ የጀመረው ካፖርት ነበር።

የሐኪሙ ወረቀት አጭር ነው፤ በልቡ የተገጠመለትን ሰው ሠራሽ በር (ቫልቭ) የረጋ ደም ዘግቶታል፣ የደም ማቅጠኛ ክኒኑን እንዳቋረጠ ሰው።

«ክኒኑን የምትሰጠው እሷ ናት!» አለች ልጁ፣ እንጀራ እናቷን እየጠቆመች። «አስራ አንድ ዓመት ከአባዬ አቆራርጣኛለች። ከታረቅን ገና ሦስት ወራችን! ካልታሰረች አንጀቴ አይርስም።»

«ከእራት በኋላ በእጄ ነው ያስዋጥኩት» አለች ሚስቲቱ፣ ቀና ሳትል። በማግስቱ ዐቃቤ ሕግ ፊት እንደምትቀርብ ተነግሯታል።

መርማሪዋ፣ ከአፏ የክብሪት እንጨት የማይጠፋ ቀጭን ሴት፣ የቀሩትን ክኒኖች ከታዘዘበት ቀን ጋር አመሳከረች። አንድም አልተዛነፈም። ከመስኮቱ ጠርዝ አረንጓዴ ዱቄት ያለበት ጠርሙስ አነሳች።

«ይሄስ?»

«አረንጓዴ ሻይ። ለልብ ፍቱን ነው፤ ስንት አንብቤ መሰለሽ! በቀን አራት ብርጭቆ፣ እንዳይባክን ቅጠሉን ፈጭቼ» አለች ልጅቱ።

«‹በሬ አደረገችኝ፣ ሣር ታበላኛለች› እያለ ይስቅ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ጠብታ ግን አያስተርፍም።»

«ክሊኒክ የሚሞላለት የደም ምርመራ ደብተር የታለ?»

«እንጃ። ከጠፋ ወር አለፈው» አለች ሚስቲቱ።

መርማሪዋ ካፖርቱን ዳሰሰች። ገና አንድ እጅጌው ብቻ ነው የተገጠመው፤ የውስጥ ኪሱ አፍ ግን በእጅ መርፌ ተደፍኗል። ልብስ ሰፊ ኪስ ሠርቶ ለምን አፉን ይሰፋል?

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩን ነርስ ጨምራ ሁሉንም በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች። በፊታቸው የኪሱን ክር በጠሰች፤ ደብተሩ ወጣ።

«ክኒኑ አልጎደለም፤ እኚህ እናት ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ክኒኑን ያሸነፈ ነገር አለ። ይኸው፦ የደሙ ቅጥነት ቁጥር ለዓመታት ከሁለት ተኩል አልወረደም። ልጅቱ ከመጣች፣ ሻዩ ከገባ ወዲህ አንድ ተኩል፤ ቀጥሎ አንድ ነጥብ ሁለት። ደሙ እየወፈረ ነበር።»

«ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ነው» አለ ነርሱ። «አንድ ሁለት ስኒ ተጣርቶ ቢጠጣ ብዙም ባልከፋ። ቅጠሉ ራሱ በየቀኑ ሲበላ ግን ይህን ክኒን ያከሽፋል። በቀይ ጽፌላቸው ነበር፤ ‹ሻዩ ይቁም›። አቁሜያለሁ አሉኝ።»

ልጅቱ ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ ነካችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ግን እያወቀ ለምን ጠጣው?»

መርማሪዋ ክብሪቷን ከአፏ አወጣች። ወደ ሚስቲቱ ዞረች።

«በመጣሽ ቁጥር ሻዩን ይዘሽ ነበር የምትመጪው» አለች እንጀራ እናቷ። «ሻዩ ከቀረ እሷም ትቀራለች ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ብርጭቆውን ሲጨልጥ ዓይኑ ካንቺ አይነቀልም ነበር።»

ሚስቲቱ ተነሥታ ካፖርቱን ልጅቱ ላይ ደረበችው። በእነዚያ ሦስት ወራት አባቷ አንድም ቀን ሜትር ይዞ አልለካትም። ትከሻው ግን ልክክ አለ።