ጠመዝማዛው ላይ የተገኘው መካኒክ

ሬሳው የተገኘው ጎህ ሲቀድ፣ መንደሩ ሁሉ በሚፈራው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሟቹ የፍሬን መካኒክ ነው። ከሱ በፊት ብዙዎች እዚያው ተገጭተው ሞተዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ጨብጠው «ደግሞ በላው» ይባባላሉ።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ሬሳውን ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ከስሩ ያለው አስፋልት እንደሌላው ሁሉ ርሷል። ጀርባው ላይ በዘይት የተለወሰ ሰጋቱራ ተጣብቋል።

«ያየ ሰው አለ?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር፤ ስለሚከንፍ «ንፋሱ» ይሉታል። «ልጆቹን ለማድረስ በሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ፣ ገና ዝናቡ ሳይጀምር፣ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ። ከባድ መኪና ነው። ገጭቶት አመለጠ።»

ኢንስፔክተሯ ልጆቹ በንፋሱ ሚኒባስ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ሟቹ ይሠራበት ወደነበረው ጋራዥ ሄደች። ባለጋራዡ የሟች ታላቅ ወንድም ነው።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል፣ ጋሼ።»

«ደንበኛ አባረርክብኝ አልኩት። ልጄ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ከሞተች ወዲህ፣ ፍሬኑ የማይዝ መኪና ከዚህ በር አይወጣም ብሎ ምሎ ነበር። ማታ የንፋሱን ሚኒባስ ሊሠራ ብቻውን ቀረ።»

የሟች ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ደወልኩለት፣ ደወልኩለት፤ አላነሳም። መጥቼ እንዳላይ ያንን መንገድ በጨለማ መሻገር ፈራሁ።»

ኢንስፔክተሯ ዙሪያውን ቃኘች። ወለሉ ላይ ዘይት እንዲመጥ ሰጋቱራ ተበትኗል፤ አንድ ቦታ ብቻ ታጥቧል። መኪና ማንሻው ክሪክ ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የፍሬን ሸራ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። የባለጋራዡ መኪና ሞተሩ ወርዶ ቆሟል።

ንፋሱን አስጠራችው። ጎረቤቶች በሩ ላይ ተደረደሩ።

«ይህን ሰው ጠመዝማዛው አልገደለውም» አለች። «ዝናቡ ሳይጀምር ወድቆ ቢሆን፣ ከስሩ ያለው አስፋልት ደረቅ ይሆን ነበር። ዝናቡ መንገዱን ካራሰ በኋላ ነው ያጋደሙት። ጀርባው ላይ ያለው ሰጋቱራ ደግሞ የዚህ ወለል ነው። እዚህ፣ መኪና ስር ተኝቶ እየሠራ ሳለ ነው የሞተው። ታዲያ በምን ወሰዱት? የጋሼ መኪና ሞተር የለውም። ከዚህ የወጣው ሚኒባሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሸራው ሳይቀየር። ሟቹ በሕይወት ቢኖር አይለቀውም ነበር።» ወደ ንፋሱ ዞረች። «ያልነበረ የፍሬን ጩኸት የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ንፋሱ ወደ ክሪኩ አየ።

«በዚህ ፍሬን ልጆች ትጭናለህ፣ መንጃ ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ አለኝ። ሚኒባሱን የያዘውን ክሪክ በእግሬ መታሁትና መኪናው ወደቀበት። ላስፈራራው ብዬ ነው…»

«ለምን እዚያ ጣልከው?»

«እዚያ የሞተን ሰው ማንም አይመረምርም ብዬ።»

ሚስትየው ተነሳች። 

«ዛሬ የሰው ልጆችን የወሰድከው በዚያው ፍሬን ነው?»

«ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

በሩ ላይ የቆሙት እናቶች ተያዩ። ልጆቻቸው በሰላም መግባታቸውን ያውቃሉ። ሆኖም በዓይናቸው ካላዩ አላመኑም፤ አንዷ መሮጥ ስትጀምር ሌሎቹም ተከትለዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጡ።