ድራይቨሩን ያጠፋው ማነው?

ይህ የደረሰ ነገር ነው። የማታምኑ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን ደርሷል... እንዲያውም ገና አላበቃም።

ጨለማ አትጠብቁ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ሁሉም የሆነው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው መኝታ ቤቴ፣ ታች የሚጫወቱት ልጆች ጩኸት እየተሰማኝ።

ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪሟ በአራተኛው ወር ላይ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» አለችኝ። ደረጃ ክልክል፣ ሸክም ክልክል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንጋጤ ክልክል።

ይህቺን «ድንጋጤ» የምትል ቃል ያዙልኝ።

እናቴ ሌላ ከተማ ነው ያለችው፣ ከታላቅ እህቴ ጋር። እሷ መምጣት አትችልም፣ እኔ መሄድ አልችልም። ስለዚህ በየሐሙሱ ስድስት ሰዓት፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ በቪዲዮ እንገናኛለን። ደህናውን ስልኬን ባለቤቴ ጥሎ ሰብሮብኛል። «ስትወልጂ አዲስ እገዛልሻለሁ» ብሎ የቁልፍ ስልክ ሰጠኝ። የቀረኝ ላፕቶፔ ነው።

ላፕቶፕ ከተባለ ነው እንግዲህ። ከተማሪነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነው። ማጠፊያው በፕላስተር ታስሯል፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

በዚህ ላይ ምስሉ ተበላሸ። ጽሑፉ ሁሉ ግዙፍ ሆነ። ቪዲዮው ሽንትርትር ይልና ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል፣ ደግሞ ይቆማል። የሰው ፊት ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

እናቴን የማያት በዚያ መሃል ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በኪሮሽ ቢጫ ኮፍያ ትሠራለች። ለልጄ ነው።

«እማዬ!» እላለሁ።

የምትመልሰው እህቴ ናት። «ጉሮሮዋን አሟታል፣ አትናገርም። ግን እየሰማችሽ ነው።»

እናቴ ቀና ሳትል እጇን አንዴ ታወዛውዛለች። በቃ።

እኔም አወዛውዛለሁ። ስክሪኑን እስማለሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ኮፍያ ምነው አላድግ አለ?» ብዬ ቀለድኩ አንድ ሐሙስ። ሦስት ጣት የምታህል ክብ ነገር ናት፣ ከሳምንት ሳምንት ያችው።

«አታውቂያትም እንዴ!» አለች እህቴ ፈጠን ብላ። «እየተረተረች እንደገና ትጀምራለች።»

እውነቷን ነው። እማዬ ካልጣማት አትምርም። አንዲት ጥልፍ ውስጥ ስህተት ካየች፣ ያለቀውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ትተረትራለች። «ችግር ያለበትን ነገር ሰው አያለብሱም» ትላለች።

ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። «ሪስታርት» ነው የምንለው። ምንም ይበላሽ ምን፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሪስታርት አድርገሽዋል?» ብሎ ነው። ሚስቱ ስታኮርፍም እንደዚያው ይላታል እየተባለ ይቀለድበታል። እሱን አስጠራሁት።

አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ነካካው።

«ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ደህና ነው፣ እህቴ። ድራይቨሩ ነው የሌለው፣ ካርዱን የሚነዳው ፕሮግራም። በቃ፣ መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩ የለም። ለዚህ ሽማግሌ የሚስማማው የድሮው ድራይቨር ነው፤ አዲሱን አይችለውም።»

ፈልጎ ጫነልኝ። ስክሪኑ አንዴ ጨለመና ተመለሰ... ጥርት አለ። ደስ አለኝ።

ማታ ለባለቤቴ አበሠርኩት። «ጎሽ» አለኝ፣ ካልሲውን እያወለቀ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ስከፍተው... ያው ሽንትርትር።

ሪስታርት ተመልሶ መጣ። «አፕዴቱ ነው የሚያጠፋብሽ» ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ጫነ፣ አፕዴቱንም ዘጋልኝ። በነጋታው ስከፍተው ጽሑፉ እንደገና ግዙፍ ሆኗል። ድራይቨሩ የለም።

ሰኞ ቀን ደግሞ ይህ ሆነ።

የምደውልበት ቀን አልነበረም። የሕፃን ልብስ ሥዕል እያየሁ ነበር። ስክሪኑ ድንገት ጨለመ። የወፍጮው ድምፅ ቆመ። ልጆቹ ታች ሲጮሁ ይሰማኛል።

ተመልሶ ሲበራ... እናቴ ናት።

አልደወልኩም። ማንም አልደወለም። ድምፅ የለም። ምስሉ ሳጥን ሳጥን ነው፣ ግን ቢጫው ይለያል።

ኮፍያው አድጓል። ጠርዙ ጋ ደርሷል።

እጇ ይሄዳል፣ ይመጣል... ይሄዳል፣ ይመጣል። ከዚያ ጠፋ።

አልፈራሁም፤ ደስ ነው ያለኝ። ሐሙስ ለእህቴ ነገርኳት።

«እማዬ ጎበዘች እኮ! ኮፍያው ሊያልቅ ነው፣ ሰኞ አየሁት።»



«ምኑን... ምኑን አየሽ?»

«ኮፍያውን። ጠርዙ ጋ ደርሷል።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። «እሷ እኮ...» ብላ አንሾካሾከች። መስመሩ ተቋረጠ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሪስታርትን ጠራሁት። የሰኞውን ነገርኩት።

«ቅሪት ነው» አለኝ። «ካርዱ ሲደናገር ድሮ ያሳየውን መልሶ ይተፋል።»

«ድሮ ያሳየው ኮፍያ ግን ትንሽ ነበር።»

ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ አፕዴቱን እንደዘጋሁት ነው። ይሄ ድራይቨር በራሱ አልጠፋም።»

«እና?»

«በእጅ ነው የወጣው። ሰው ነው ያወጣው።»

እዚህ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ ከአልጋ አትወርድም።

ሪስታርትን አንድ ነገር ለመንኩት። ዛሬ እንዳይጭነው፤ ሐሙስ፣ ልደውል ስል መጥቶ እንዲጭነው። ለባለቤቴ ምንም አልተነፈስኩም። ሳህን አቀብሎኝ፣ ትራሴን አስተካክሎ፣ ግንባሬን ስሞ ሲተኛ አየው ነበር። ደግ ባል ነው። ይሄ ሰው ምን አድርጌው ነው እናቴን እንዳላይ የሚከለክለኝ?

ሐሙስ ሪስታርት በቃሉ መጣ። ጭኖ ወጣ። ደወልኩ።

ምስሉ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ መጣ።

እናቴ። ወንበሯ። ሦስት ጣት የምታህል ኮፍያ። እጇን አወዛወዘች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የጠራው። በምስሉ ዙሪያ ጥቁር ክፈፍ አለ። ክፈፉ ሥር ትንሽ ቀይ መብራት አለች።

ቴሌቪዥን ነው።

እህቴ ስልኳን የደቀነችው ቴሌቪዥን ላይ ነው። እናቴ ደረት ላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ የእህቴ ጥላ ይታያል። ስልክ ይዛለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

ቪዲዮው አለቀና ከመጀመሪያው ጀመረ። እናቴ እጇን አወዛወዘች።

«እትዬ...» አልኳት። «ለማን ነው ጥቁር የለበስሽው?»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

እህቴ ደውላለት መሰለኝ፣ ባለቤቴ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በር ላይ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«መቼ?» አልኩት።

«አልጋ የያዝሽ ሰሞን።» ድምፁ አይሰማም። «ተኝታ በዚያው... አልተሠቃየችም።»

«ስልኬ?»

«ሰው እንዳይነግርሽ ብዬ ሰበርኩት።»

«ድራይቨሩስ?»

መሬት መሬት አየ። «ቪዲዮው ከጠራ ቅጂ መሆኑን ታውቂያለሽ ብለን ፈራን። ሐኪሟም ድንጋጤ ብላ... ለልጁ ብለን ነው።»

«ጎረቤቶቹስ?»

«ያውቃሉ።»

«ያላወቀ ማን አለ?»

«ሪስታርት ብቻ» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። አገር ምድሩ እናቴን ሲቀብር እኔ ለቴሌቪዥን እጄን ሳወዛውዝ ነበር። ቴሌቪዥን ስስም ነበር። «አይዞሽ» እያለች ሾርባ ይዛልኝ የምትመጣው ጎረቤቴ ከእናቴ ለቅሶ ተመልሳ ነው የመጣችው። ሞቷ አንጀቴን ቆረጠው፤ እነሱ ግን አሳፈሩኝ፣ አቃጠሉኝ። መጮህ አልቻልኩም፣ ልጁ አለ። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

እህቴ በማግስቱ ደረሰች። እግሬን ይዛ አለቀሰች። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ፌስታል አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

ቢጫዋ ኮፍያ ናት። ሦስት ጣት የምታህል። ኪሮሹ እንደተሰካባት።

«እጇ ላይ ነበረች» አለችኝ። «ከዚህ አላለፈችም።»

«እኔ ግን ጠርዙ ጋ ደርሶ አይቻለሁ።»

እህቴና ባለቤቴ ተያዩ።

ያኔ ነው የገባኝ። እነዚህ ሁሉ ሲዋሹኝ ያልዋሸችኝ አንዲት ሰው አለች። ያቺን ሰኞ ራሷ ነበረች የመጣችው። ካለኝ ሰው ሁሉ የማምናት የሞተችው ብቻ ሆነች።

እሷ የመጣችው ድራይቨሩ በሌለበት ነውና ሐሙስ የተጫነውን ራሴ አጠፋሁት። ባለቤቴ ሊክሰኝ ፈልጎ በራሱ እጅ መልሶ ሊጭነው ተነሣ።

«አትንካው!» አልኩት። «እንዲሁ ይሁን።»

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከፍቼ እጠብቃለሁ። ሽንትርትር ብቻ ነው። ነገ ሐኪሟ ጋ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ባለቤቴ በደረጃው ተሸክሞ ያወርደኛል። እህቴ ልብሴን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል። ከእንግዲህ የሚደብቁኝ ነገር እንደሌለ በእናቴ ስም ምለውልኛል።

ይህን የምጽፍላችሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጨለመ። ወፍጮው ዝም አለ። እህቴ ውኃ ልትሰጠኝ ገብታ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

በራ።

ድራይቨር የለውም። ግን እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። የእናቴ የእጇ ደም ሥር ይታያል። ክፈፍ የለም። ቀይ መብራት የለም።

ኮፍያው አልቋል። ሙሉ ነው፣ ያምራል። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ሁሌ እንደምታደርገው። እንባዬ መጣ።

«እማዬ...»

ኮፍያውን ወደ ብርሃን አነሣችው። ገለበጠችው። ውስጥ ውስጡን በጣቷ እየዳሰሰች አየችው።

አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፣ ስህተት ስታገኝ እንደምታደርገው።



ከዚያ የክሩን ጫፍ ያዘችና ሳበችው። አንድ ዙር... ሌላ ዙር... ትተረትረው ጀመር።

«እማዬ፣ ምን ሆነ? ምን አየሽበት?» እጄ ሆዴ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እኔን ግን አላየችኝም። የምታየው ከትከሻዬ በላይ ነው።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ዞርኩ።

እህቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆማለች። አልደነገጠችም። ዐይኗ ስክሪኑ ላይ ነው።

ቀስ ብላ... «እሺ፣ አልነግራትም» በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች።