የማይዘቀዝቀው አፈሙዝ

ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል አዳማ ውስጥ ከታጠቅ ጌም ቤት ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ከሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ ጎድሏል። ኢንስፔክተር ኦብሴ ቁልፏን ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው አናት አገኘቻት። አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ቁልፉን ላይ ጥሎ አይወርድም፤ ሽማግሌውን ደረታቸውን የጨበጠ ሰው ነበር።

የጌም ቤቱ ባለቤት ታጠቅ ሃምሳ አለቃ ሲወድቁ ምድር ቤት፣ በሑስና ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ወሬ ይዞ ነበር።

«ዱብ ሲል ስልኬን አየሁ። አራት ሰዓት ከሰባት ይላል» አለ። ሑስናም መሰከረችለት።

«ላይ ማን ነበር?»

«መሳይ ብቻ። በታንክ ጨዋታ የሚያህለው የለም። እሑድ ከዚሁ ሆኖ በኢንተርኔት ይወዳደራል። ካሸነፈ ቡድን ይቀጥረዋል፤ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስፌት ይገላገላል።»

መሳይ ሲጠየቅ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

«እኔ እየተጫወትኩ ነበር። ጋሼ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወጥተዋል። ማሽኑን ይጠይቁት፤ ከአራት እስከ አራት ከሩብ በስሜ ተቀርጿል።»

እውነትም ተቀርጿል። ኦብሴ ሁለት ጊዜ አየችው፤ ምንም አልታያትም።

የሟች ልጅ ኮከብ መምህርት ናት። ጠዋት «ከልጆች ጋር ስትጫወት ትውላለህ» ብላ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው።

«በዕረፍት ሰዓት ጸጸተኝና ደወልኩለት» አለች። «አራት ሰዓት ከስድስት ላይ ነው። ‹አባዬ፣ ይቅር በለኝ፣ ወደ ቤት ና› አልኩት። ‹አሁኑኑ መጣሁ› አለኝ።»

«ሃምሳ አለቃ ይህን የታንክ ጨዋታ ለምን ወደዱት?» አለች ኦብሴ።

«ታንከኛ ነበር። ሦስት ጓዶቹ ታንኩ ውስጥ ተቃጠሉ፤ እሱ ብቻ ተረፈ። በጨዋታውም ታንክ ውስጥ አራት ሰው አለ፤ አንድ ቀን እንኳ አራቱንም ይዤ ልመለስ ይላል።» የክብሪት ሳጥን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አዘነበለችው። «እሱ የነዳው፣ ጨዋታውም ውስጥ ያለው የሩሲያ ታንክ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። አፈሙዙን ልዘቅዝቅ ቢሉት የመድፉ ኋላ ጣሪያውን ይመታል። ታች ያለን ጠላት ለመተኮስ ኋላውን ጉብታ ላይ አውጥቶ አፍንጫውን መድፋት ነው፤ ሁሌ እንዲህ እያደረገ ያሳየን ነበር።»

ኦብሴ ተመልሳ ቅጂውን ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ጌም ቤቱ ሰበሰበች።

«መሳይ፣ ኮረብታ ላይ ነህ እንበል፤ ጠላት ከታች ነው። ምን ታደርጋለህ?»

«አፈሙዙን ዝቅ አድርጌ እተኩሳለኋ!»

«ዝቅ አይልም» አለች። ቅጂውን ከፈተችው። «እዩት። ታንኩ ኋላውን ጉብታ ላይ ሰቅሎ ይተኩሳል፤ ሦስት ጊዜ። ይህ የታንከኛ እጅ ነው። አራት ከስድስት ላይ ኮከብ ደወለች፤ ታንኩ ከጉብታው ጀርባ ተደብቆ ቆመ። አራት ከሰባት ላይ ሃምሳ አለቃ ወደቁ። አራት ከዘጠኝ ላይ ታንኩ ተነሳ፤ የሚነዳው ግን ሌላ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ወጣ፣ አፈሙዙ አልዘቀዝቅ አለው፣ ተመታ። ወጥተዋል ባልከኝ ሰዓት ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በአንተ ስም የተገኘው ድልም የእሳቸው ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን ሁሌ ደስ አይልም። መሳይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«‹ልጄ ጠርታኛለች፣ ከእንግዲህ አልመጣም፣ እሑድም› አሉኝ። በስሜ የሚያሸንፉልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ያለሳቸው ምንም አይደለሁም። ሸሚዛቸውን ያዝኩ፣ ለመንኳቸው። ሲያስለቅቁኝ... ገፋሁ። ከዚያ እዚህ ነበርኩ እንድል ብዬ ጨዋታውን ቀጠልኩ።»

ፖሊስ ይዞት ወረደ። ኮከብ በዚያው ደረጃ መውረድ ስላልፈለገች ፎቅ ላይ ቀረች።

«ባልደውልለት ኖሮ ጨዋታውን ይጨርስ ነበር» አለች። «ኢንስፔክተር፣ ታንኩስ? ደብቆት ነው የተነሳው። ተረፈ?»

ኦብሴ መዋሸት ትችል ነበር። ግን ስክሪኑ ክፍት ነው።

«ተቃጠለ።»

«አራቱም?»

«አራቱም።»