ብረቱ ላይ ያረፈው ትንፋሽ

እኔ ጥላ ወጊ፣ ጂን፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ደሴ ቸርች ውስጥ የምዘምር ሰው ነኝ፣ አየሁ ለሚለኝ ሁሉ "ሄደህ እንቅልፍህን ተኛ" ስል የኖርኩ። ይኸው ዛሬ ደግሞ እኔው ልንገራችሁ።

ኮምቦልቻ በምሠራበት ወርክሾፕ የዘይት መጭመቂያ ማሽን ክዳን ይመጣልናል፣ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው፣ ዘይት እንዳያፈስ ፊቱ መስታወት እስኪመስል በእጅ ይታሻል፣ መጀመሪያ በሻካራ ዱቄት፣ ኋላ በላመው። ታዲያ የሻካራውን ጨርቅ ለላመው የደገምኩት እኔ ነኝ፣ አንዲት ቅንጣት ቀርታ ብረቱን ከዳር እዳር ጫረችው። አለቃችን ገብቶ "ማነው ያበላሸው?" ሲል አብሮኝ የሚሠራው ሁሴን ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ነበር፣ አፌ "ሁሴን" አለ። እመኑኝ፣ አስቤበት አይደለም። ሁሴን በዚያው ተባረረ፣ ሚስቱን ይዞ አገሩ ቢስቲማ ገባ።

በሚቀጥለው ዓርብ ቀትር ላይ መብራት ሄደ፣ ማሽኖቹ ዝም አሉ፣ ሌሎቹ ለምሳ ወጡ፣ እኔ ያንኑ ብረት አሽቼ፣ ጭረቱን አጥፍቼ እየወለወልኩ ሳለ ከትከሻዬ ኋላ "ሃ" የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። ሁሴን ልማዱ ነበር፣ ሥራ ሲያልቅ ብረቱ ላይ ሃ ብሎ ይተነፍስበታል፣ ጉሙ ሲሳሳ የተደበቀ ጭረት ይታያል። ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ነፋስ ነው ብዬ ስመለስ ብረቱ መሀል መዳፍ የምታክል ጉም አርፋለች። ጠረግኳት፣ ተመልሳ መጣች። አፍና አፍንጫዬን በእጄ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ አሁንም መጣች። ስትሳሳ ያ ያጠፋሁት ጭረት ከሥሯ ብቅ አለ፣ በጣቴ ብዳብሰው ግን ምንም የለም።

ሞቶ እንዳይሆን ብዬ ሁሴን ጋ ደወልኩ።

"ደህና ነዎት ጋሼ?" አለኝ፣ ከመስጊድ መውጣቱ ነበር። "ስሰግድ እንኳ ልቤ እናንተ ጋ ነበር። ያ ጭረት ለቀቀ?"

"ለቀቀ።"

"አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን አላበላሸሁትም፣ ወላሂ። ለአለቃችን እርስዎ ያስረዱልኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"አስረዳለሁ፣ አይዞህ" አልኩት፣ ከኀፍረት ጆሮዬ እየጋለ። ስልኩን ሳልዘጋ ጉሟ ብረቱ ላይ ተመልሳ አረፈች።

ብረቱ ተመስግኖ ሄደ፣ እኔም ተመሰገንኩ፣ ሁሴን እስካሁን ቢስቲማ ነው። እሁድ እሁድ እዘምራለሁ፣ አፍራለሁ፣ ሰኞ አለቃዬ ፊት ቆሜ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን ስታጠብ የቤቴ መስታወት ጉም ይለብሳል፣ እስኪሳሳ አልጠብቅም፣ ሳላየው እወጣለሁ።